የዝንጅብል ብስኩት ሽቶ ዘይት ቆዳ ላይ ሲያርፍ፦ ቅመሙ የት ይሄዳል፣ ፕላስቲኩስ ከየት ይመጣል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ የገና ሰሞን ቅንብር ተብሎ የተሸጠልሽ ዘይት (ዝንጅብል ብስኩት፣ ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቫኒላ) በብልቃጡ ሲሸተት ገና ከምድጃ የወጣ ብስኩት ነው። ቆዳሽ ላይ ግን ሰዓት ሳይሞላ ቅመሙ ጠፍቶ የተቃጠለ ስኳርና አዲስ ፕላስቲክ ብቻ ይቀራል። «ቆዳዬ ሽቶ አይቀበልም ወይስ የተሸጠልኝ ተመሳስሎ የተሠራ ነው?» ብለሻል። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም አይደለም። እንዲህ ያለ ሽቶ ጊዜ በገፋ ቁጥር ይለወጣል፤ ቅመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ስኳሩ ብቻውን ይቀራል። መጠኑ በዝቶ ከተቀባ ደግሞ የቀረው ስኳር አፍንጫ ይይዛል።

የብርቱካን ልጣጭ ሽታ በአብዛኛው ሊሞኒን ነው። 176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ ቀላል ፈሳሽ ስለሆነ ሞቅ ያለ ቆዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ብዙ ቆየ ይባላል። ቫኒሊን ደግሞ በክፍል ሙቀት ጠጣር ነው፤ ብቻውን ሲሆን ሙቀቱ 81 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ወረቀት ላይ ብታንጠባጥቢው ለቀናት ይሸታል። በሁለቱ መሃል ቀረፋና ቅርንፉድ አሉ። ቀረፋን ቀረፋ የሚያሰኘው ሲናማልዴሃይድ ነው፤ ቅርንፉድን ደግሞ ዩጂኖል፣ እሱም ከቅርንፉድ ዘይት ከመቶ 70 እስከ 90 እጁን ይይዛል። ሁለቱም ከብርቱካኑ የተሻለ ይቆያሉ፤ ነገር ግን ቆዳ ስለሚያስቆጡ ጠንቃቃ ሠሪ ቆጥቦ ነው የሚጨምራቸው። ስለዚህ ቶሎ የደከመ ቀረፋ ሁልጊዜ የርካሽ ሥራ ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ቀረፋ ነው ሊያሳስብሽ የሚገባው።

«ዝንጅብሉስ?» ላልሽው፣ ብዙ ሰው የሚጠብቀው መፋጀት መጀመሪያውንም ዘይቱ ውስጥ የለም። ምላስ የሚፋጀው ጂንጀሮል ስለማይተን፣ ዝንጅብል በእንፋሎት ሲነጠር አብሮ አይወጣም። የሚወጣው ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ትንሽ እንጨት የሚነካው ሽታ ነው፤ የሎሚው ክፍል ከብርቱካኑ ጋር ይሄዳል። ቅንብሩ ውስጥ ናና ካለ ደግሞ ቅዝቃዜው ሽታ እንዳይመስልሽ። ሜንቶል ብርድ የሚለየውን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ ነው የሚቀዘቅዝሽ፤ ሽታው ከሄደ በኋላም ቆዳሽ ላይ ቀዝቀዝ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ስኳሩ። ጥጥ ከረሜላ የሚመስለው ሽታ ኢታይል ማልቶል ነው። ይህን ነገር በገፍ ተጠቅሞ ታዋቂ የሆነው በ1992 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የሙግለር ሽቶ «ኤንጅል» ነው፤ ቀማሚው ኦሊቪዬ ክሬስፕ ስኳሩን ብቻውን አልተወውም፣ አፈር አፈር በሚል ደረቅ ፓቹሊ ተሸክሞት ነው የቆመው። ርካሽ የበዓል ዘይቶች የሚጎድላቸው ይህ ደረቅ ሚዛን ነው። ቫኒሊን፣ ከእሱ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚጠነክረው ኢታይል ቫኒሊንና ኢታይል ማልቶል ብቻቸውን ሲቀሩ አፍንጫ «የተቃጠለ ስኳር» ብሎ ያነባቸዋል። ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሄሊዮትሮፒን ነው፤ አልሞንድና ቫኒላ የሚያስታውስ ዱቄታም ሽታ አለው፣ መጠኑ ሲያልፍ ግን የልጆች መጫወቻ ሊጥ ይሆናል። ቅንብሩ ውስጥ «ማርዚፓን» ወይም «አልሞንድ ክሬም» የሚል ቃል ካየሽ ተጠርጣሪው እሱ ነው።

ሌሎች ሁለት ለውጦችም ይጠየቃሉ። «ቅቤ» ወይም «ክሬም» የሚል ቅንብር ቆዳ ላይ ወደ ጎመዘዘ ወተት የሚሄደው፣ የቅቤን ሽታ ለመሥራት ከሚገቡት አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ሲሆን ነው፤ በጥቂቱ ቅቤ ነው፣ በዛ ሲል የሻገተ ቅቤ፣ ሲብስ ትውከት። ላብ የነካው ቦታ ላይ የባሰ ይታያል። «ሜፕል ሽሮፕ» የሚል ዘይት አብሽ አብሽ ካለሽ ደግሞ አፍንጫሽ አልተሳሳተም። ሶቶሎን የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ሲያንስ ካራሜል፣ ሲጨምር ራሱ አብሽ ነው፤ በአብሽ ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል።

ቆዳሽን ለመክሰስ ከመቸኮልሽ በፊት ይህን ፈተና አድርጊ፤ ወሳኙ እሱ ነው። ክንድሽን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበሽ አድርቂና አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ከክንድሽ ውስጠኛ ክፍል፣ ከአንጓው ራቅ ብለሽ፣ አንዲት ጠብታ አድርጊ። ብልቃጡ ሮል ኦን (አፉ ላይ የሚሽከረከር ኳስ ያለው) ከሆነ ሁለት ሴንቲሜትር የምታህል አንድ ጭረት ይበቃል። ወዲያው ሌላ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና ከአጠገብሽ አርቀሽ አስቀምጪ። አትፈትጊው፤ መፈተግ ሽቶውን «ይሰብረዋል» የሚሉት ወሬ ነው፣ ነገር ግን ቆዳውን ያሞቀዋል፣ ዘይቱንም አሳስቶ ይዘረጋዋል፣ ስለዚህ ቀላሎቹ ሽታዎች ቶሎ ይበርራሉ። ከዚያ በ5 ደቂቃ፣ በ30 ደቂቃ፣ በ2 ሰዓትና በ4 ሰዓት ሁለቱንም አሽትቺ። አፍንጫሽን አታስነኪው፣ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። በየመሃሉ ደጋግመሽ ካሸተትሽ አፍንጫሽ ይለምደውና «ጠፋ» ትያለሽ፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ግን በደንብ ይሸተዋል።

ወረቀቱም ቆዳሽም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ስኳርና ፕላስቲክ ከወረዱ ነገሩ የቅንብሩ ነው፤ ቆዳሽ ነጻ ነው። ወረቀቱ ላይ ቅመሙ ቆይቶ ቆዳሽ ላይ ቶሎ ከጠፋ፣ ወይ ቆዳሽ ደረቅ ነው ወይ የተቀባሽበት ቦታ ይሞቃል። ወረቀቱ ደህና ሆኖ ቆዳሽ ላይ ብቻ ከጎመዘዘ ወይም ሌላ ሽታ ካመጣ፣ ከስር የነበረውን ሎሽን፣ የገላ ሳሙና ወይም ላብ ፈልጊ። ሽታ ያለው ሎሽን በራሱ ምስክ ወይም ቫኒላ ይዞ ስለሚመጣ ጣፋጩ ላይ ጣፋጭ ይደርባል።

ስለ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ብዙ ይወራል፤ እኔ ብዙም ክብደት አልሰጠውም። ልዩነት የሚያመጡት ሙቀት፣ ድርቀት፣ የቆዳ ቅባትና ከስር ያለው ነገር ናቸው። ደረቅ ቆዳ ካለሽ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ዘይቱን ከላዩ አድርጊ፤ ቶሎ ወደ ቆዳ ከመስረግ ይይዘዋል። ቦታን በተመለከተ፣ አንገት ይሞቃል፣ ከአፍንጫም ቅርብ ነው፤ ለጣፋጭ ሽቶ ግን እንዲያውም የመጨረሻ ምርጫ ነው። የክርን እጥፋት ወይም ልብስ የሚሸፍነው ደረት ላይ በዝግታ ይወጣል። ልብስ ላይ ግን አታድርጊ፤ ቫኒሊን በጊዜ ብዛት ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ዘይቱም የራሱን እድፍ ይጨምራል፣ ነጭ ልብስ ከሆነ አይለቅም።

አልኮል ካለው ሽቶ ጋር አታወዳድሪው። አልኮሉ ሲተን ሽታውን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። ዘይት ግን ይይዛል እንጂ አይበትንም፤ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ከተሰማ ሥራውን ሠርቷል። ይህን የማያውቅ ሰው «አልሸተተም» ብሎ አራትና አምስት ጭረት ይጨምራል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ድጋሚ መቀባት ነው። ብርቱካኑና ቀረፋው ሲጠፉ ለማደስ ትጨምሪያለሽ፤ የመጀመሪያው ስኳር ግን የትም አልሄደም። በሦስተኛው ቅብ ላይ ሦስት እጥፍ ስኳርና የአንድ ጊዜ ቅመም ነው ያለሽ። «ፕላስቲክ ሆነብኝ» ያልሽው ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማደስ ከፈለግሽ ጣፋጩን ተዪውና ለቆዳ የተዘጋጀ የሲትረስ ወይም የቅመም ሽቶ በጥቂቱ ጨምሪ።

ከወጥ ቤት ወይም ከመድኃኒት መደብር ያልተበረዘ የቀረፋ ዘይት አምጥቶ ብልቃጡ ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለቀረፋ ቅርፊት ዘይት በቆዳ ላይ የሚመከረው ጣሪያ 0.07 በመቶ ነው። በ10 ሚሊ ብልቃጥ ውስጥ ይህ 0.007 ሚሊ ማለት ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለምትበልጥ በጠብታ መለካት አይቻልም። ቅርንፉድ 0.5 በመቶ ስለሚፈቅድ በዚያው ብልቃጥ ውስጥ አንድ ጠብታ ገደማ ይገባል፤ ነገር ግን ሠሪው ቀድሞ ምን ያህል እንደጨመረ ስለማታውቂ እሱንም አልመክርሽም። ቀረፋ አንዴ ቆዳን ካስቆጣ በኋላ አለርጂው አብሮሽ ሊኖር ይችላል።

ስለ አለርጂ ካነሳን፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቆዳ ላይ በሚቀር ምርት ውስጥ ሲናማል (ሲናማልዴሃይድ መለያ ላይ የሚጻፍበት ስም)፣ ዩጂኖልና ኩማሪን የመሳሰሉት ከ0.001 በመቶ ካለፉ ስማቸው መለያው ላይ መጻፍ አለበት። የበዓል ቅመም ያለው ዘይት መለያው ላይ ከእነዚህ አንዱም ካልተጻፈ የሚያረጋጋ ምልክት አይደለም፤ ሠሪውን ጠይቂ። አዲስ ዘይት ሲገባ የሳንቲም ስፋት ያህል ክንድሽ ላይ ቀብተሽ 24 ሰዓት አትታጠቢው፣ ከዚያም እስከ 72ኛው ሰዓት ድረስ ተከታተይው፤ የንክኪ አለርጂ ዘግይቶ የሚወጣ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አለማሳከኩ ዋስትና አይሆንም። ቅንብሩ ውስጥ ቤርጋሞት ወይም ተጨምቆ የወጣ የላይም ዘይት ካለ ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳ ስለሚያቃጥሉ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አትቀቢ። ጣፋጭ ብርቱካን በዚህ አይታማም።

ብልቃጡን ራሱንም እዪው። ቫኒሊንና ኢታይል ማልቶል በተራ ዘይት ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም፤ ብርድ ሲነካቸው ታች ላይ ነጭ ወይም ቢጫ መሳይ ክሪስታል ሆነው ይቀመጣሉ። ይህ ከሆነ ብልቃጡ ሲጀምር ቅመም፣ ወደ ማለቂያው ደግሞ ስኳር ይሆናል። ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ (እጅ የሚችለው ሙቅ) አሥር ደቂቃ አቁሚው፣ ከዚያ በመዳፎችሽ መሃል አንከባሊው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ከረጋ፣ ቅንብሩ ከሚሸከመው በላይ ስኳር ስለገባበት ነው፤ ከመጠቀምሽ በፊት ሁልጊዜ ማሞቅ ይኖርብሻል። ተሸካሚው (ሽቶው የተቀላቀለበት ዘይት) ጆጆባ ከሆነ 10 ዲግሪ አካባቢ ራሱ ይረጋል፤ እሱ ችግር የለውም፣ ክፍል ሙቀት ላይ ይለቃል። ቀለሙ መጥቆሩም የቫኒላ ጠባይ ነው። መጣል ያለበት የሰም እርሳስ ወይም የቆየ የቀለም ቅብ ሽታ ሲያመጣ ነው፤ ያኔ የተበላሸው ተሸካሚው ዘይት ነው፣ የሚመልሰውም የለም።

ሽቶውን ሳትጥዪው ማዳን የምትችዪበት መንገድ ደረቅ ነገር መደረብ ነው። ሴዳር፣ ቬቲቨር፣ ፓቹሊ፣ ዕጣን ወይም ጥቁር ሻይ የሚል የዘይት ሽቶ ካለሽ መጀመሪያ እሱን አንድ ጭረት፣ ከዚያ ጣፋጩን ግማሽ ጭረት አድርጊ። ቅደም ተከተሉ ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ መጠኑ ግን ያመጣል። ዕጣንና ብርቱካን በተለይ ይስማማሉ፤ ዕጣን ራሱ ሎሚ የሚመስል ጫፍ ስላለው ብርቱካኑ ሲሄድ ቦታው ባዶ አይቀርም። ሌላ ቫኒላ፣ ኮኮናት ወይም አልሞንድ አትደርቢ።

ከበዛብሽና ማውጣት ከፈለግሽ ውኃ ብቻ አይረዳሽም። ሽታ የሌለው ዘይት ወይም ቫዝሊን ደህና አድርገሽ ቀቢበት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ፤ ሁለት ጊዜ ከተደረገ አብዛኛው ይለቃል።

ፈተናውን ስትጨርሺ የወረቀቱና የቆዳሽ የ2 ሰዓቱ ሽታ ምን እንደነበረና መለያው ላይ የተጻፉትን ስሞች እዚሁ ጻፊልን፤ ከዚያ የትኛውን ደረቅ ሽቶ እንደምትደርቢበት መምረጥ ቀላል ይሆናል።