ማሳደጊያ ከመገንባታችሁ በፊት የልጁን ዘመድ ጠይቁ

በውጭ አገር የምትኖሩ የጎጃም ተወላጆች በማኅበራችሁ ተሰባስባችሁ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ለመሥራት ገንዘብ ስታዋጡ፣ ሐሳባችሁ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ። ሆኖም በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን እንደ ቆየ ወገናችሁ የምመክራችሁ፣ የሕንፃው መሠረት ከመጣሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ ማን እንዳለው እንድታጣሩ ነው። ማሳደጊያ ከሚገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ሁለቱንም ያጡት ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አያት፣ አክስት ወይም የክርስትና እናት አያጡም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ (ከወላጆቻቸው ውጭ ለሚያድጉ ሕፃናት የሚደረግ እንክብካቤ) መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ በግልጽ ያስቀምጣል።

በተለይ የገጠሩን ልጅ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አባቱ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የነበረው ከሆነ ልጁ ወራሽ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ወደ ከተማ ማሳደጊያ ሲወሰድ መሬቱን ያረሰው ሰው ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል፣ ልጁም አድጎ ሲመለስ የሚከራከርለት ምስክር አያገኝም። ስለዚህ ከምታዋጡት ገንዘብ ጥቂቱን ፍርድ ቤት ሞግዚት እንዲሾምለት፣ መሬቱ በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከአራሹ ጋር በመካፈል፣ ከታረሰም ድርሻው ለልጁ ቀለብና ትምህርት መዋሉ በየዓመቱ እንዲጣራ ብታውሉት፣ ብዙ አልጋ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅመዋል። ይህ ፎቶግራፍ የማይነሣለት ሥራ ስለሆነ ለጋሽ አይበዛለትም።

ዘመድ ሁሉ ደግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አሳድገዋለሁ ብሎ ወስዶ ወንዱን እረኛ፣ ሴቷን የቤት ሠራተኛ የሚያደርግ አለ። ልጁ ትምህርት ቤት መዋሉን፣ ከቤቱ ልጆች ጋር አንድ መሶብ መቅረቡን የሚያይ ሰው ሳይመደብ ለዘመድ ገንዘብ መላክ ተገቢ አይደለም። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የማኅበራዊ ሠራተኛ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የመጓጓዣ በጀት ያጥረዋል፤ የሠራተኛውን መጓጓዣ መሸፈንና የቀበሌውን እድር አብሮ እንዲከታተል ማድረግ የምትችሉት ነገር ነው።

ጥቃት የደረሰበት፣ ተጥሎ የተገኘ፣ ወይም ጎዳና ላይ የሚያድር ልጅ ቤተሰቡ እስኪፈለግ ድረስ መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። መጠለያውም ትንሽ፣ ተንከባካቢዎቹም የማይለዋወጡ ይሁኑ። የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር፣ በ1949 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ከተጀመረ ወዲህ፣ አንዲት እናት ከጥቂት ልጆች ጋር በአንድ ቤት የምትኖርበትን አሠራር የተከተለው ልጅ አንድ የሚያውቀው ሰው ስለሚያስፈልገው ነው፤ ይኸው ድርጅት በባሕር ዳርም መንደር አለው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ግን በቤተሰብ ውስጥ ቢያድግ ይሻላል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ከተቋም ወጥተው በአሳዳጊ ቤተሰብ ያደጉት ሕፃናት በተቋም ከቀሩት በአእምሮ እድገት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ይህን ሸክም የሚሸከመው የአገር ውስጥ ቤተሰብ ስለሆነ፣ እርሱን መደገፍ ቀዳሚ ተግባር ነው።

በማሳደጊያ ላደጉትም 18 ዓመት ሲሞላቸው የሚሆነውን ከወዲሁ አስቡ። የልደት የምስክር ወረቀትና የቀበሌ መታወቂያ ሳይኖረው፣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሳይከራከር ያደገ ወጣት በአንድ ቀን ራሱን ችሎ እንዲኖር መጠበቅ ጭካኔ ነው። አሁን ያለውን ማሳደጊያ የምትደግፉ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የቤት ኪራይ፣ የሙያ ሥልጠናና በችግሩ ጊዜ የሚደውልለት አንድ ሰው በበጀቱና በዕቅዱ መያዛቸውን ሳታዩ የስምምነት ሰነዱ ላይ አትፈርሙ።