ከርነሉን ከመነካካታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ከኮምፒውተር ተማሪዎች ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ሰርቨሬ እንዲፈጥን ከርነሉ ላይ የትኛውን ቁጥር ልቀይር?» ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የሊኑክስ እምብርት ነው። በወጣትነቴ እኔም ይህንኑ እጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን ሰው አጉላልቼ ነው።

ያኔ እዚሁ ጎጃም፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሊኑክስ ሰርቨር እጠብቅ ነበር። የአንድ ሰው መዝገብ እስኪገኝ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ሌሊት ተነሥተው ከገጠር በእግራቸው የመጡ አባቶች መስኮቱ ሥር ተደርድረው ይውላሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ከርነል እነካካለሁ። ስዋፒነስን፣ ማለትም ራም ሲጠብ ከርነሉ ዳታ ወደ ስዋፕ (ዲስክ ላይ ወዳለው ማቆያ) ለማውጣት ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ60 ወደ 10 አወረድኩ። የዲስኩን ሼዱለር፣ ማለትም ለዲስኩ የሚመጡትን ጥያቄዎች ተራ የሚያስይዘውን፣ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ሰልፉ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ምን ላይ እንዳሉ በቁጥር የሚያሳየውን ቪኤምስታትን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ዲስክ ይጠብቃል። ዳታቤዙ ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መጠቆሚያ፣ ስለሌለው አንድ ስም ለማግኘት ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ሦስት ጸሐፊዎች አንድ ላይ ሲፈልጉ ደግሞ የዲስኩ ራስ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል። ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ነበር። አንድ ዙሩ 8.3 ሚሊሰከንድ ነው። ያንን ብረት ፈጥኖ የሚያዞር ከርነል የለም። ኢንዴክሱን ለመሥራት አንድ መስመር ትእዛዝ በቃ። በማግሥቱ ሰልፉ ከምሳ በፊት አለቀ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ዛሬም ይቆጩኛል።

መንገዳችንን አስቡት። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሜዳው ላይ የቱንም ያህል ብትበሩ በረሃው የራሱን ሰዓት ይወስዳል። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣው ነጥብም ይኸው ነው። ከ10 ሰከንድ ሥራ ውስጥ የከርነሉ ድርሻ 1 ሰከንድ ከሆነ፣ እሱን ዜሮ ብታደርጉት እንኳ 9ኙ አለ።

መነካካት ጭራሽ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ከሊኑክስ 5.4 በፊት ሶማክስኮን፣ ማለትም ገና ያልተስተናገዱ ግንኙነቶች የሚጠብቁበት ወረፋ ጣሪያ፣ ካልነካችሁት 128 ነበር። ከዚያ ወዲህ 4096 ሆኗል። ብዙ ሰው በአንዴ ለሚገባበት ሰርቨር 128 ይጠባል፤ ማሳደጉ ልክ ነው። ግን ወረፋው ሰፋ እንጂ አስተናጋጁ አልፈጠነም። ይህን ልዩነት አደራ አትርሱት። አንድ ቁጥር ስትቀይሩም የቀድሞውን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከለውጡ በፊትና በኋላም ለኩ።

ለዚያ ልጅ ቁጥር አልነገርኩትም። «ላፕቶፕህን ክፈት» አልኩት። አቦሉን ጠጥተን ቶናው እስኪቀዳ ቪኤምስታትን አብረን አየን። ወደ ስዋፕ የሚገባውና የሚወጣው ያለማቋረጥ ይሮጣል። 2 ጊጋ ራም ባለው ሰርቨር ላይ 3 ጊጋ የሚፈልግ ፕሮግራም ጭኖበት ነበር።