ፒ ማትሪክስ ነጌቲቭ ሲያወጣ፦ ለጣናዋ ጀልባ ተማሪዎች የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእናንተ የባሕር ዳር ልጆች። ጥያቄያችሁን ከነኮዱ ደጋግሜ አየሁት። ላላነበበው አባል ባጭሩ፦ ተማሪዎቹ ጣና ላይ ራሷን ችላ እየሄደች ጥልቀት የምትለካ ትንሽ ጀልባ ሠርተዋል። ጂፒኤስንና የመዞር ፍጥነት የሚለካውን ጃይሮ በካልማን ፊልተር፣ ማለትም ግምትንና ልኬትን እንደየአስተማማኝነታቸው በሚያዋህድ ስሌት፣ አዋህደው ቦታዋን፣ ፍጥነቷን፣ አፍንጫዋ የዞረበትን አቅጣጫና የጃይሮውን ባያስ (ቋሚ ስህተቱን) ይገምታሉ፤ ቦታና ፍጥነት ሁለት ሁለት ቁጥር ስለሆኑ ባጠቃላይ ስድስት ስቴት (የሚገመት ቁጥር) ማለት ነው። ስሌቱ ሁሉ ኢኤስፒ32 በተባለ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ላይ በፍሎት፣ ማለትም በባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር፣ ይሠራል። ጀልባዋ ስትሄድ ደህና ነው። ዳር ላይ ታስራ ቆይታ እንደገና ስትነሳ ግን የግምቶቹን ጥርጣሬ የሚይዘው የኮቫርያንስ ማትሪክሱ፣ ማለትም ፒ፣ ዲያጎናሉ ላይ ነጌቲቭ ቁጥር ያወጣል፤ እዚያ ያለው የየስቴቱ ቫርያንስ (የጥርጣሬው ካሬ) ስለሆነ ነጌቲቭ መሆን አይገባውም፤ ትንሽ ቆይቶም ሁሉም ነገር ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ይሆናል። ጥያቄያቸው "የተሻለ ጂፒኤስ እንግዛ ወይስ ኪውን እናሳድግ?" የሚል ነው፤ ኪው ሞዴሉ በየዙሩ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለፊልተሩ የሚነግረው ማትሪክስ ነው።

ሁለቱንም ለጊዜው ተዉት። ምክንያቱን ለማየት የፒን ቀመር ደግማችሁ ተመልከቱት፦ ጂፒኤሱ ያነበበው ቁጥር እዚያ ውስጥ የለም። ያለው እናንተ የሰጣችሁት አር (የልኬቱ ስህተት ቫርያንስ)፣ ኪው፣ ኤች (ስቴቱን ከልኬቱ ጋር የሚያያይዘው) እና ስቴቱን ከዙር ወደ ዙር የሚያሻግረው የሽግግር ማትሪክስ ነው። መስመራዊ ላልሆነ ሞዴል በሚያገለግለው ኤክስቴንድድ ካልማን ፊልተርም ቢሆን ልኬቱ ፒን የሚነካው ሞዴሉን በመስመር በሚተካው ማትሪክስ፣ በያኮቢያኑ፣ በኩል ብቻ ነው፤ ያኮቢያኑ ደግሞ ምንም ይሁን ምን በወረቀት ላይ ፒን ነጌቲቭ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ዲያጎናሉ ላይ ነጌቲቭ ካያችሁ ወይ ኮዱ ላይ የምልክት ስህተት አለ፣ ወይ ደግሞ ስሌቱ አሃዝ አልቆበታል። ኮዳችሁን መስመር በመስመር ሄጄበታለሁ፤ ምልክቱ ትክክል ነው። ችግራችሁ አሃዝ ነው።

አሃዝ የሚያልቀው እንዴት እንደሆነ በአንድ ስቴት ብቻ እንየው፤ ካልኩሌተር ይበቃል። ኮዳችሁ ውስጥ የቦታው መነሻ ቫርያንስ 1000000 ነው፤ "ምንም አላውቅም" ለማለት ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። አር ደግሞ 0.01 ይሁን። ጌይኑ፣ ማለትም ፊልተሩ ልኬቱን የሚያምንበት መጠን፣ ፒ ሲካፈል ለ(ፒ + አር) ነው። ፍሎት የሚይዘው 24 ቢት፣ ማለትም ሰባት አሃዝ ገደማ ነው። አንድ ሚሊዮን አካባቢ ደግሞ በሁለት ተከታታይ ፍሎቶች መካከል ያለው ክፍተት 0.0625 ነው። 0.01 የዚህን ግማሽ እንኳ አይደርስም፤ በኩንታል ሚዛን ላይ ቁንጥር ጨው እንደመጨመር ነው፣ መርፌው አይንቀሳቀስም። ድምሩ ያው 1000000 ይሆናል፤ ጌይኑ ልክ 1 ይወጣል፤ አንድ ሲቀነስ ጌይን ዜሮ ነው፤ አዲሱ ፒም ዜሮ ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 0.01 ገደማ ነበር። ፊልተሩ ከአንዲት ልኬት በኋላ "ቦታዬን ያለ ምንም ጥርጥር አውቃለሁ" አለ ማለት ነው። ስቴቱ ስድስት ሲሆን ይብሳል፦ ዲያጎናሉ ዜሮ ሲወርድ ከጎኑ ያሉት ኮቫርያንሶች ዜሮ ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለ ማትሪክስ ፖዘቲቭ ዴፊኒት አይደለም፣ ማለትም በአንዳንድ አቅጣጫ ነጌቲቭ ቫርያንስ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ልኬት ሲመጣ ነጌቲቩ ብቅ ይላል።

አሁን ያንኑ ስሌት በጆሴፍ ቀመር ሥሩት። በአጭሩ የምትጽፉት ፒ = (አይ − ኬ·ኤች)·ፒ የሚለው (አይ አሃዳዊው ማትሪክስ፣ ኬ ጌይኑ ነው) በግራና በቀኝ ይባዛል፦ (አይ − ኬ·ኤች) ሲባዛ በፒ ሲባዛ በ(አይ − ኬ·ኤች) ትራንስፖዝ፣ ሲደመር ኬ ሲባዛ በአር ሲባዛ በኬ ትራንስፖዝ። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ክፍል ዜሮ ይሆናል፤ ሁለተኛው 1 ሲባዛ 0.01 ሲባዛ 1፣ ማለትም 0.01 ይሰጣል። በዚያው ደካማ ፍሎት ትክክለኛው መልስ ወጣ! ጌይኑ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ቀመሩ የሁለት ኳድራቲክ ቅርጾች፣ ማለትም ነጌቲቭ የማይሆኑ ክፍሎች፣ ድምር ስለሆነ ወደ ነጌቲቭ የሚገፋው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ማባዛቱ ይበዛል፤ ግን ለስድስት ስቴት፣ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ለሚመጣ ጂፒኤስ፣ ኢኤስፒ32 አይሰማውም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፒን ከትራንስፖዙ ጋር ደምሮ ለሁለት ማካፈልም ጥሩ ልማድ ነው። ይህ ግን ሲሜትሪውን እንጂ ፖዘቲቭነቱን አይጠብቅም፤ በእሱ ብቻ አትመኩ።

ሁለተኛው የአሃዝ ሌባ ኮኦርዲኔቱ ነው። ላቲትዩድና ሎንጂትዩድን በዲግሪ ፍሎት ውስጥ አስቀምጣችኋል። ባሕር ዳር ሎንጂትዩዷ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ የፍሎት አንድ እርምጃ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ላቲትዩዷ 11 ዲግሪ ስለሆነ የእሱ እርምጃ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቦታን በሜትር ወደሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም፣ ብትቀይሩትም አትድኑም፤ ኖርዚንጉ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት) ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ እርምጃው 12.5 ሳንቲሜትር ነው። ጀልባዋ በቀስታ ስትሄድ በአንድ የጃይሮ ዙር የምትጓዘው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው ሲደመር ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የዩብሎክስ የጂፒኤስ ሞጁሎች በራሳቸው ባይነሪ ፕሮቶኮል ላቲትዩድና ሎንጂትዩድን በዲግሪ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ በሙሉ ቁጥር ይልካሉ፤ አንዱ አሃድ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው። ጀልባዋ የምትነሳበትን ቦታ መነሻ አድርጉ፤ በሙሉ ቁጥር ቀንሱ፤ ከዚያ ልዩነቱን ብቻ ወደ ሜትር ቀይራችሁ ፍሎት አድርጉት። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ላቲትዩድ 110.6 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ዲግሪ ሎንጂትዩድ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብል (ባለ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር) ብትጠቀሙም ኢኤስፒ32 በሶፍትዌር ስለሚሠራው ይዘገያል እንጂ ይሠራል። አርዱዪኖ ኡኖና ሜጋ ላይ ግን "ደብል" ብላችሁ ብትጽፉም የሚሰጣችሁ ያው ባለ አራት ባይት ፍሎት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ወራት የፈጁ ሰዎች አይቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፦ ለምን ታስራ ስትቆይ? ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች ጂፒኤሱ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ ሊነግራችሁ አይችልም። ጃይሮውም የሚነግረው የመዞር ፍጥነትን ነው። ስለዚህ የአቅጣጫው ቫርያንስ በየዙሩ በኪው እየተመገበ ያድጋል፤ የሚቀንሰው ልኬት የለም። ስትነሳ ደግሞ ያ ግዙፍ ቫርያንስ በአንድ ጊዜ ከጂፒኤሱ ጋር ይጋጫል፤ በሚሊዮኑ ምሳሌ ላይ ያየነው ይደገማል። በዚያ ላይ ሳይንና ኮሳይኑን በመስመር መተካት እንዲህ ባለ ሰፊ ጥርጣሬ ላይ አይሠራም። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ስትታሰር ፍጥነቷ ዜሮ፣ የመዞር ፍጥነቷም በአማካይ ዜሮ ነው የሚል ልኬት ለፊልተሩ እሰጣለሁ፤ አሩን ማዕበሉ በሚያወዛውዛት ልክ። ይህ የጃይሮውን ባያስ በነጻ ያስተምራችኋል። የአቅጣጫው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የቫርያንሱ ካሬ ሥር) ከ104 ዲግሪ በላይ እንዲሄድ አልፈቅድም፤ ምንም የማይታወቅ አቅጣጫ በሙሉ ክብ ላይ ያለው ስፋት ያ ነው፣ ከዚያ በላይ ትርጉም የለውም። ስትነሳም አቅጣጫውን ጂፒኤሱ ከሚሰጠው የጉዞ አቅጣጫ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ አሩን ሰፋ አድርጌ፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባ አፍንጫዋ ወደ ዘጌ ዞሮ ጉዞዋ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል።

የማይታይ ስቴት፣ ማለትም የትኛውም ልኬት ለይቶ የማያሳየው፣ ጉዳይ እኔን ያስተማረኝ መራዊ አካባቢ፣ ኮጋ መስኖ ላይ ነው። በቦዩ ላይ በአልትራሳውንድ የውሃ ከፍታ ስንለካ በበጋ ወራት እኩለ ቀን ላይ ውሃው ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ በር ያልከፈተ ሰው ሳይኖር። ምክንያቱ አየሩ ነው። ድምፅ በ10 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 337 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በተሰቀለ ሴንሰር ላይ ይህ አምስት ሳንቲሜትር ያህል የሐሰት ከፍታ ይሆናል። ይህ ኖይዝ አይደለም፤ ካልማን ፊልተር ደግሞ ስህተቱ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው የማይወራረስ ነው ብሎ ይነሳል። ባያሱን እንደ ስቴት ብንጨምረውም አንድ ሴንሰር ብቻ ካለ የሚታየው የከፍታውና የባያሱ ድምር ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ አይታዩም፣ ፒም በዚያ አቅጣጫ እንደ እናንተው ያብጣል። ያዳነን የሙቀት መለኪያ መጨመሩና የቦይ ጠባቂው ጠዋትና ማታ ከስታፍ ጌጁ (ውሃው ውስጥ ከቆመው ባለ ቁጥር ዘንግ) የሚያነብበው ቁጥር ነው። ስለዚህ ስቴት ከመጨመራችሁ በፊት "ይህን የሚያሳየኝ ልኬት የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ የአሃዝ ጉዳይ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሩዶልፍ ካልማን ጽሑፉን ያወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የናሳው ስታንሊ ሽሚት ወዲያው ለጨረቃ ጉዞ ሊጠቀምበት ተነሳ፤ የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒውተር ግን ቃሉ 15 ቢት ብቻ ነበር። ኤምአይቲ የነበረው ጄምስ ፖተር ፒን ራሱን ሳይሆን ካሬ ሥሩን ይዞ መሄድ የሚያስችል መንገድ አገኘ። ሥሩ በራሱ ሲባዛ ነጌቲቭ ሊሆን አይችልም፤ የኮንዲሽን ቁጥሩም (በማትሪክሱ ትልቁና ትንሹ መጠን መካከል ያለው ጥምርታ) ወደ ካሬ ሥሩ ስለሚወርድ ያው ቃል እጥፍ አሃዝ ያለው ያህል ይሠራል። ኋላ ጄራልድ ቢየርማን ፒን ዩና ዲ በተባሉ ማትሪክሶች ከፋፍሎ የካሬ ሥር ስሌቱን ጭምር አስቀረው። ለእናንተ ጆሴፍ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ስቴቱ ሲበዛ ወደ ዩዲ ትሄዳላችሁ።

ኢንቨርሱን በተመለከተ፦ ጌይኑን ስታሰሉ ለማካፈል የምትጠቀሙበትን የማትሪክስ ኢንቨርስ ፈንክሽን አውጡት። የጂፒኤሱ ምሥራቅና ሰሜን ስህተቶች አይዛመዱም ብላችሁ አርን ዲያጎናል ስላደረጋችሁ፣ ሁለቱን ልኬቶች አንድ በአንድ አስገቡ፤ የሚቀረው በአንድ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። ውጤቱ ያው ነው። የግድ በአንድ ላይ ካስገባችሁ ማትሪክሱን ወደ ካሬ ሥሩ በሚከፍለው የቾለስኪ ዘዴ ፍቱት፤ ከሥሩ በታች ነጌቲቭ ከመጣ እዚያው ያስጠነቅቃችኋል፣ ናኑ ጀልባዋን ድንጋይ ላይ ከመውሰዱ በፊት። ስቴቶቹንም በተቀራራቢ መጠን አድርጓቸው፤ የሜትር ካሬ ሚሊዮን ከጃይሮ ባያስ ጥቃቅን ራዲያን ጋር በአንድ ማትሪክስ ሲገናኙ አሃዙን የሚያሟጥጠው ልዩነቱ ነው። የቦታውን መነሻ ፒም ጂፒኤሱ በሚያውቀው ልክ፣ 100 ያህል አድርጉት።

ኪውን ማሳደግ ለምን እንደማልወድ ልናገር። ነጌቲቩ ሊጠፋ ይችላል፣ እውነት ነው፤ ግን ፊልተሩ ሞዴሉን ማመን ትቶ የጂፒኤሱን ዝላይ እየተከተለ ይሄዳል፤ የጥልቀት ካርታችሁም ይዘላል። ኪውና አርን ማስተካከል የሚጀመረው ስሌቱ ጤናማ ከሆነ በኋላ ነው፤ መለኪያውም ኢኖቬሽኑ ነው። ይህም ልኬቱ ከተገመተው ያለው ልዩነት ነው፤ በኤስ፣ ማለትም ፊልተሩ ለዚህ ልዩነት በሚጠብቀው ኮቫርያንስ፣ መዝናችሁ ካሬውን ውሰዱ። ለሁለት ልኬት አማካዩ 2 አካባቢ መሆን አለበት፤ ከመቶ 95ቱ ከ5.99 በታች። አማካዩ ከ2 በጣም ከበለጠ ፊልተራችሁ ከልክ በላይ በራሱ ተማምኗል። ተከታታዮቹ ኢኖቬሽኖች አንዱ ሌላውን ከመሰለ ደግሞ ምናልባት ጂፒኤሱ ራሱ ውስጡ አጣርቶ ስለሚልክላችሁ ነው፤ ርካሽ ሞጁሎች ይህን ያደርጋሉ፤ ያኔ አርን ከፍ አድርጉ ወይም ልኬቱን እየዘለላችሁ ተጠቀሙ።

በቅደም ተከተል ከሆነ ኮኦርዲኔቱን ዛሬ፣ ጆሴፍን ነገ፣ የታሰረችበትን ጊዜ ልኬት ከዚያ። አንዱን ብቻ እየቀየራችሁ፣ በየመሃሉ የተቀዳውን ያንኑ ጉዞ ላፕቶፕ ላይ በደብልም በፍሎትም አስኬዱት፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ሴኮንድ ችግሩ የተወለደበት ነው። ከተስተካከለ በኋላ የአንድ ጠዋት ጉዞ ኢኖቬሽንና የፒ ዲያጎናል ፋይል እዚሁ ግሩፕ ላይ ጫኑልን፤ ኪውን አብረን እናየዋለን።