ለክሊፕ ቀረጻ ካሜራ ከመዋስሽ በፊት ደብዳቤሽን ጨርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «የካምፓስ ልጆች ነን፣ የራሳችን ዘፈን አለን፣ ካሜራ ከጓደኛ እንዋሳለን፣ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ክሊፑን ከምን እንጀምር?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ልጆች ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ ሲከራከሩ ውለዋል። ካኖን ሆነ ሶኒ ሆነ ጥሩ ስልክ፣ የተማሪ ክሊፕ በዚያ ምክንያት ሲበላሽ አላየሁም። ካምፓስ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ክሊፕ ሠርቻለሁ፣ ከዚያም ወዲህ የሌሎች ተማሪዎችን ኤዲት አድርጌያለሁ፤ ገንዘብና ጉልበት የሚባክነው ካሜራው ገና ከቦርሳ ሳይወጣ ነው። የት ከተማ እንዳለሽ አልጻፍሽም፤ የእኔ ባሕር ዳር ስለሆነ በዚያው ልንገርሽ።

1. የመጨረሻው ማስተር (ሚክሱ አልቆ ከዚህ በኋላ የማይነካው የዘፈኑ ቅጂ) እጅሽ ሳይገባ አንድም ሾት እንዳትቀርጹ። «ለፕሌይባክ (ድምፃዊዋ ስትቀረጽ እየሰማች ለምትዘፍንበት) ዴሞው ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሚው። አቀናባሪ ሚክስ ሲያደርግ መግቢያውን ያሳጥራል፣ አዝማቹን ይደግማል፣ ፍጥነቱን ይነካካል። በ100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት) የቀረጻችሁበት ዘፈን 102 ሆኖ ቢመጣ ጆሮ ላያውቀው ይችላል፤ ግን አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን አምስት ሰከንድ ገደማ ያጥራል፣ የድምፃዊዋም ከንፈር ወዲያው ዘፈኑን መሳት ይጀምራል። የእኛ አቀናባሪ «ትንሽ ሞቅ ላድርጋት» ብሎ ደውሎ ነበር፤ ፋይሉን ዳግመኛ እንዳይነካ አስምለነዋል።

ማስተሩ ሲደርስ ከዘፈኑ ፊት በምቱ ልክ ሦስት ቢፕ ጨምሩበት፣ ድምፃዊዋ መግቢያውን አትስተውም። የካሜራውን ማይክም አታጥፉት፤ ድምፁ ቢያስጠላም ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም በዌቭፎርም (በድምፁ ሞገድ ቅርጽ) ከማስተሩ ጋር የሚያገጣጥመው በእሱ ነው። ድምፃዊዋን ከሩቅ ስትቀርጹ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ በእሷና በካሜራው መካከል ሠላሳ ምናምን ሜትር ካለ ድምፁ ከምስሉ ሁለት ሦስት ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) ይዛነፋል። እሱን በዓይን እያያችሁ አስተካክሉ።

ዘፈኑ የራሳችን ነው ስላልሽ አምኜሻለሁ። ዜማው ወይም ግጥሙ የሌላ ሰው ከሆነ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙት፤ የቃል ፈቃድ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

2. የቀረጻ ቦታ ፈቃድ ደብዳቤ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፣ እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው።

ጣና ዳር አንድ አረንጓዴ ቦታ መርጠን ነበር። ከትምህርት ክፍላችን የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍን፤ ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ጉዳዩን ይጨርሳል ወደተባልነው ቢሮ ይዘን ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ «ለሚመለከተው ሁሉ የሚል ደብዳቤ እኛን አይመለከትም» አለን። እሺ፣ ለማን ተብሎ ይጻፍ ብለን ብንጠይቅ «ካምፓሳችሁ ያስተምራችሁ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ተማሪዎች ከኪሳቸው አውጥተው የከተማውን ውበት ሊያሳዩ መጥተዋል፤ የኃላፊውን የሥራ መደብ መንገር ምን ይጎዳው ነበር?

አድራሻውን ከጸሐፊዋ ለምነን አስተካክለን መጣን። መዝገብ ቤት «ወጪ ቁጥር የለውም» ብሎ መለሰው። ወጪ ቁጥር ይዘን ስንመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፈተናችን እየደረሰ፣ ካሜራውን የሚያውሰን ልጅ ሊሄድ እየተዘጋጀ እኛ ኮሪደር ላይ እንቆማለን። ብቻ በመጨረሻ ተፈረመ። ጄኔሬተርና መብራት ተከራየን፣ ለተወዛዋዦቹ ባጃጅ ኮንትራት ያዝን፣ ሜካፕ የምትሠራልን ልጅ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ደረስን። ጥበቃው ወረቀቱን በባትሪ እያበራ አነበበና «ቀረጻ ይላል እንጂ ጄኔሬተር አይልም፣ የሰው ስም ዝርዝርም የለውም» ብሎ አቆመን። ጥበቃውን አልወቅስም፣ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው። ወደ ቢሮው ሰውዬ ስንደውል ግን ያው «ሰኞ ኑ» ብሎ ጆሯችን ላይ ዘጋው። ይህን ዝርዝር ያስፈልጋል ብሎ አስቀድሞ መንገር የእሱ ሥራ ነበር! የመብራት አከራዩ ሙሉ ሂሳቡን ወሰደ፤ ባጃጆቹም እንደዚያው። ስንት ጊዜ ከምሳችን ቀንሰን ያጠራቀምነው ገንዘብ ግማሹ በር ላይ ቀረ።

ስለዚህ ያንቺ ደብዳቤ እንዲህ ይሁን። ቀጥታ ለቢሮው፣ በኃላፊው የሥራ መደብ ይጻፍ። ቀን፣ ወጪ ቁጥር፣ ማኅተምና ቲተር ይኑረው። የሁላችሁም ሙሉ ስም ከነመታወቂያ ቁጥር፣ ሜካፕ የምትሠራዋና ዕቃ ተሸካሚው ልጅ ሳይቀሩ። ዕቃው በሙሉ ይዘርዘር፦ ካሜራው ከነሲሪያል ቁጥሩ፣ ሌንሱ፣ ስታንዱ፣ ስፒከሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ ሪፍሌክተር የምታደርጉት ነጭ ፎም እንኳ። ቦታው በስም፣ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት፣ ቀኑ ደግሞ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ባለው ጊዜ» ተብሎ፤ ዝናብ ቢያበላሽባችሁ እንደገና ደብዳቤ ፍለጋ አትሄዱም። ሥራው ለትምህርት እንጂ ለንግድ እንዳልሆነ ይጠቀስ። ግልባጭ ለቦታው ጥበቃና ለአካባቢው ፖሊስ። ቢሮው ሲቀበልሽ የራስሽ ኮፒ ላይ መቀበሉን አስፈርሚ፣ የፈረመውንም ሰው ስም አጽፊ። ይሄው ዝርዝር የካምፓሱ በር ላይም ያድንሻል፤ ካሜራ ይዘው ሲወጡ የንብረት መውጫ ወረቀት የላችሁም ተብለው የቆሙ ልጆች አውቃለሁ።

ድሮን አለኝ የሚል ጓደኛ ካላችሁ ያለ ፈቃድ አያምጣው፣ ከክሊፕ አልፎ የጸጥታ ጉዳይ ይሆናል። ድልድይና የመንግሥት ሕንፃም ከጀርባ እንዳይገባባችሁ ተጠንቀቁ።

3. ሁለተኛ ቦታ ያዙ፣ የግል ግቢ ይሁን። ያን ዕለት ጠዋት ተወዛዋዦቹ ሊያለቅሱ ደርሰው ሳለ ከበሮ የሚመታልን ልጅ «የአያቴ ቤት እንሂድ» አለ። የጭቃ ቤት ነው፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ግድግዳ፣ በሩ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። እማማ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁንም፣ ረከቦታቸውን አውጥተው ቄጠማ ጎዘጎዙልን። ክሊፑን ያየ ሰው ሁሉ «ይሄ ሎኬሽን የት ነው?» የሚለኝ ያንን ግቢ ነው። ታንኳና ዘንባባ ያለበት የባሕር ዳር ክሊፕ ሞልቷል፤ የእማማን ግድግዳ ግን ማንም አልቀረጸውም። በዚህ በጣም እኮራለሁ። ጢስ ዓባይ እንሂድ የሚሉሽም ካሉ፣ ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውኃው ደግሞ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄደው ቀጭን ጅረት ብቻ ቀርጸው የተመለሱ አሉ። ከሄዳችሁ በነሐሴና በመስከረም ሂዱ።

ብርሃኑን በሚመለከት፣ ማንጎው ሥር ስንቀርጽ ያገኘነው ጥቅም ትልቅ ነው። ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለካሜራ ከባድ ልብስ ነው። በአውቶ ከተውሽው ካሜራው ነጩን አይቶ ያጨልመዋል፣ የልጅቷ ፊት ይጠቁራል፤ ፊቷን ስታበሪ ደግሞ ጥበቡ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ጥላ ውስጥ አስገቢያት፣ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በፊቷ ልክ በእጅ ቆልፊው፣ ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) እንደዚያው። ከጎን ነጭ ፎም ወይም የተወጠረ ነጠላ ያዥላት፣ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን ይገባል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ሜዳ ላይ አትቀርጹ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ምሳ ብሉ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ትዕይንት ጨርሱ። የማታዋ ብርሃን አገራችን ላይ አትቆይም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አታልፍም፣ ስለዚህ የማታውን ሾት አስቀድማችሁ ተለማምዳችሁ ጠብቋት። የሐይቁ ዳር ከደረሳችሁ ደግሞ ጣና ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ ጠዋትም ማታም ብርሃኑ ከጎን ይመጣላችኋል፣ ያ መልካም ነው።

ካሜራው ላይ አንድ ነገር ብቻ ፈትሺ። ከውጭ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ነው ያለው፤ ፓል ወደሚባለው ቀይሪው፣ በሰከንድ 25 እና 50 ፍሬም ይሰጥሻል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ካደረግሽ ቤት ውስጥ ያለው አምፖልና ሸምበቆ መብራት ብልጭ ድርግም አይልብሽም። 50 ፍሬም ስትቀርጺ 1/100። ድምፃዊዋ እየዘፈነች ስሎሞሽን ከፈለግሽ በ50 ፍሬም ቅረጺና ፕሌይባኩን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቺላት፤ ምስሉ ወደ 25 ፍሬም ሲቀዘቅዝ ከንፈሯ ልክ ይገባል። ለዝግታ ዘፈን ብቻ ነው ታዲያ፣ ቺክቺካ በእጥፍ ፍጥነት የሚዘፍን የለም።

እስክስታውን ግን በስሎሞሽን አትንኩት፣ እለምንሻለሁ። የትከሻው ውበት ፍጥነቱ ውስጥ ነው። ካሜራውን ስታንድ ላይ አድርጋችሁ አንዴ ሙሉ ቁመት፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ትከሻና አንገት ብቻ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጹ። ድምፃዊዋንም እንዲሁ፣ በየቦታው ሙሉ ዘፈኑን። ስንኝ በስንኝ የሚቀርጹ ልጆች ኤዲቲንግ ላይ መሸፈኛ ያጣሉ።

ኤዲቲንጉ ላይ ብዙ አልልም፣ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። ከስልክ የመጣውን ቪዲዮ ግን ዝም ብለሽ አታስገቢው። ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ ስለሚለዋውጥ መጀመሪያ ልክ የነበረው ከንፈር እየቆየ ይሸሻል፤ ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይሪው። ላፕቶፑ ከከበደው ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ) ሥሪለት። ከዚያ ምስል ሳትነኪ ዘፈኑን አጫውተሽ በምቱ ላይ ኤም የምትለዋን ቁልፍ እየመታሽ ምልክት አድርጊ። ቺክቺካ ስድስት በስምንት (በስድስት የሚቆጠር ምት) ነው፤ እንደ ፈረንጅ ዘፈን በአራት እየቆጠረ የሚቆርጥ ኤዲተር ትከሻው ሊወርድ ሲል ይቆርጠዋል፣ ያየ ሰው ምን እንደጎረበጠው ሳያውቅ ይጎረብጠዋል። የእኛን ክሊፕ ከበሮ መቺው አጠገቤ ተቀምጦ በጉልበቱ እየመታ ነው የቆረጥኩት፤ ካምፓስ አዳራሽ ሲታይ ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨፈሩ። እማማም በፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ ግቢያቸው ሲመጣ ጮክ ብለው እልል አሉ።

ሚሞሪውን ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ ፎርማት እንዳታደርጉ፤ አንዱ ኮፒ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደር።

ዘፈኑ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና የት ልትቀርጹ እንዳሰባችሁ እዚሁ ጻፊልኝ። በመጨረሻ ያስፈረምነውን ደብዳቤ ስሞቹን አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ የዕቃና የስም ዝርዝሩን ጨምሬበታለሁ፣ የእናንተን ብቻ ቀይሩበት። ዛሬውኑ ለትምህርት ክፍላችሁ ጸሐፊ ስጪያት፣ አርብ ከሰዓት እንዳትወስጂው።