ለሁለተኛው ፊልም

ውድ ልጆቼ፣

ፊልም ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ድረስ ስትመጡ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው፤ የትኛው ይሻላል፣ በስንት ይገኛል። እኔ ግን ሌላ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የመጀመሪያውን ፊልም ጨርሳችሁ ስትወጡ ያ ሰፈር ለሁለተኛው ፊልም በሩን ይከፍትላችኋል?

እዚህ አነስተኛ የፊልም ድርጅት ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ፊልም ሠርተው የጠፉ ብዙ ድርጅቶች አይቻለሁ። ችሎታ አልጎደላቸውም፤ አንዳንዶቹ ከእኔ የተሻለ ዓይን ነበራቸው። ነገር ግን ተዋናዩ ቀሪ ክፍያውን ሲጠብቅ፣ ያከራየቻቸው ሴት ቤቷ ተበላሽቶባት ስትቀየም፣ የመብራት ባለሙያው ስልክ አላነሳ ሲል፣ መመለሻ መንገድ አጡ።

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ የጠዋት ፀሐይ በምድጃው ጭስ ውስጥ ቀጥ ብላ የምትገባበት ነው። አራት ቀን ቀረጽንበት፤ ኪራዩን ከፍለን፣ አመስግነን ወጣን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ስንመለስ ደጃፉ ላይ አቁመውን ወደ ውስጥ ገቡና በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሲፈቱት የጀበና አንገት ነው። የመብራት መቆሚያ ስናነሣ የሰበርነው ነበር። «የእናቴ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የሰበረው ልጅ ደንግጦ ዝም ብሏል፤ እኔም ቤቱን ዞሬ ሳላይ ነበር የወጣሁት። ጀበና ገበያ ላይ ሞልቷል፤ የእናታቸውን ጀበና ግን ከየት አመጣለሁ?

ከዚያ ወዲህ ከቀረጻ ቦታ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። መሣሪያው ተጭኖ ሲያበቃ ከባለቤቱ ጋር ክፍል በክፍል እንዞራለን፤ የተነቀለ ሚስማር፣ የተላጠ ቀለም፣ ከቦታው የተነሣ ዕቃ ካለ እዚያው እንነጋገራለን። የቀን ሠራተኛ ክፍያም በዚያው ምሽት ነው። ከሰኞ ወደ ማክሰኞ የተላለፈ የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ገንዘብ ከየት ይመጣል ለምትሉኝ፣ ድርጅቴን ያቆየው ሰርግ መቅረጽ ነው። አትናቁት። ለእኔ ዓመቱን በሙሉ ያስተካከለልኝ እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ በጾም ወራት ኦርቶዶክሱ አይደግስም። ስለዚህ በሰርግ ወራት እንሠራለን፣ እናስቀምጣለን፤ የራሳችንን ፊልም የምንቀርጸው ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ነው። ዝናቡ ከቆመ ሰንብቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱና ስንዴው እየታጨደ ሜዳው ወርቃማ ነው፤ የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎችም በዚያ ወቅት ሥራ ስለማይበዛባቸው በተስማማ ዋጋ ይገኛሉ። ምሳው ሽሮና ምስር ስለሚሆንም ወጪው ይቀልላል። ችግሩ ውርጩ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ባትሪም ከተለመደው ቀድሞ ያልቃል። እኛ ባትሪዎቹን እስከ ቀረጻው ሰዓት ድረስ ጋቢ ውስጥ ጠቅልለን እናቆያቸዋለን። የምትፈልጉት ብርሃን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የተዋናዩ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ምሳ ብሉ፣ የቤት ውስጥ ትዕይንት ሥሩ።

በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ንግግር ያለበት ትዕይንት ለመቅረጽ አትሞክሩ። እኔ በነሐሴ ሞክሬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እናትና ልጅ ሲታረቁ የሚነጋገሩት ነገር አንድም ቃል አልተሰማም። ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልተን ጣሪያው ላይ ዘረጋን፤ ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሦስት ቀን ከሰርን። ቦታ ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ወፍጮ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የከባድ መኪናው መንገድ ምን ያህል እንደሚቀርብ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ያወጣችሁትን ደብዳቤ ይዛችሁ ብቻ አትምጡ። የአካባቢው አስተዳደርና ፖሊስ አስቀድመው ይወቁ። ከባልደረቦቻችሁ መካከል ኦሮምኛ አጣርቶ የሚናገር ሰው ይኑር፤ ለአስተርጓሚነት ብቻ አይደለም፣ በሰው ደጅ በራሱ ቋንቋ ሰላምታ መስጠት ክብር ስለሆነ ነው።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ፊልሜን የሰጠሁት በቃል ነው። ዘመኑ ፊልም በቪሲዲ ዲስክ የሚሸጥበት ነበር፤ አከፋፋዩ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ተጨባበጥን። ፊልሙ በኋላ በሌላ መንገድ ሲሸጥ አይቼ ብጠይቀው «የገዛሁት ሁሉንም ነው» አለኝ። የቅጂ መብትና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያን ጊዜ ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ ያለው መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንደሆነም ይደነግጋል። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፣ እኔ ግን አላነበብኩትምና ተውኩት። እናንተ አንብቡት። ለሲኒማ ቤት፣ ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት የምትሰጡትን መብት ለየብቻ ጻፉ፤ ለስንት ዓመት እንደሆነም ቁጥሩን አስገቡ። ከተዋናይና ከደራሲ ጋር የምትፈራረሙት ወረቀትም ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ያለቀ ይሁን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1985 ዓ.ም. የወጣውን «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍል ድርጅት ሲያጡ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳይተውታል። ይህን ማድረግ የቻሉት ፊልሙ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

በእጅ መሆን ስል ቅጂውንም ጭምር ነው። የተቀረጸው ሁሉ በዚያው ምሽት በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ፣ ሌላ ሰው ቤት። እኛ አንዱን ሃርድ ዲስክ የምናስቀምጠው አዲስ አበባ አዲሱ ገበያ ሰፈር እህቴ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

እኚያ እናት ባለፈው ጥር የልጅ ልጃቸውን ሰርግ እንድንቀርጽ ላኩብኝ። ጠዋት ሙሽራዋ ስትዘጋጅ በዚያው መስኮት ፀሐይዋ ገባች፤ ቀረጽናት። ቡናው ከአዲስ ጀበና ተቀዳልን። የተሰበረው አንገት በጨርቁ እንደተጠቀለለ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ።