ጠይቁን፦ ሰው ሲሞላ የሚዘለው የመድረክ መብራት

ጥያቄ፦ የአዳራሻችንን የመድረክ መብራት የማዘው በላፕቶፕ ነው። 24 ኤልኢዲ ፓር (ባሉበት የሚቆሙ ባለ ቀለም መብራቶች) እና 8 ሙቪንግ ሄድ (ራሳቸው የሚዞሩ መብራቶች) አሉን። መልእክቱ ከላፕቶፑ በዋይፋይ ወደ ራውተር፣ ከዚያ በኬብል መድረክ ላይ ወዳለው ባለ 4 መውጫ የአርት-ኔት ኖድ (በኮምፒውተር መረብ የመጣውን የመብራት ትእዛዝ ወደ መብራቶቹ ኬብል የሚቀይር ሳጥን) ይሄዳል። ልምምድ ላይ እንከን የለውም። ሰው ሲሞላ ግን መብራቱ ቆም ይልና ዘሎ ይቀየራል። ላፕቶፑን ልቀይረው?

መልስ፦ ላፕቶፕ አይግዙ፤ የሚያስፈልግዎ ኬብል ነው። አንድ ዩኒቨርስ፣ ማለትም 512 ቻናል (እያንዳንዱ እንደ ብሩህነት ወይም ቀለም ያለ አንድ ነገር የሚያዝ)፣ በሴኮንድ 44 ጊዜ ሲላክ የሚወስደው 200 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ነው። ቪዲዮ የከፈተ አንድ ስልክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ጣጣው ከመጠኑ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። ዋይፋይ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል። አዳራሹ ባዶ ሳለ ተናጋሪው የእርስዎ ላፕቶፕ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ሲገባ በየኪሱ ያለው ስልክ ሁሉ ሰልፉን ይቀላቀላል፤ ሁሉም የሚሻማበት 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነማ ይብሳል። የሰው ገላም ሞገዱን ይውጣል። ተራ ያጡት መልእክቶች ይጠራቀሙና ባንዴ ይደርሳሉ። መብራትዎ ቆሞ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ካት 5 ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ከላፕቶፑ ወደ አንድ ተራ ባለ 5 ቀዳዳ ስዊች፣ ከስዊቹ ወደ ኖዱ ይዘርጉት። ኢንተርኔት ያለበትን ራውተር ከዚህ መረብ ያውጡት። ለላፕቶፑ የኬብል መግቢያ 2.0.0.10፣ ለኖዱ 2.0.0.50 ይስጡ፤ የሁለቱም ማስክ 255.0.0.0 ነው፣ ጌትዌይ ባዶ ይቅር። ከላፕቶፑ ኖዱን ፒንግ ያድርጉት (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ይሞክሩት)። ላፕቶፑ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካሳየ የጻፉት አልተቀመጠም ማለት ነው።

ቀጥሎ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ። ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ፦ ኬብሉን ሰክተውም ሶፍትዌሩ በዋይፋይ በኩል መላኩን ይቀጥላል። ኪውኤልሲ ፕላስ የተባለውን የመብራት ማዘዣ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ የመግቢያና መውጫ ገጹ ላይ አርት-ኔት በየአድራሻው ተለያይቶ ይዘረዘራል፤ 2.0.0.10 ያለበትን መስመር ይምረጡ። መልእክቱም ለሁሉም ከሚበተን በቀጥታ ወደ 2.0.0.50 እንዲሄድ ያድርጉ።

ያልጠየቁን አንድ ነገር አለ። 24 እና 8 ሲደመር 32 ነው፤ በአንድ የዲኤምኤክስ መስመር (ከኖዱ ወደ መብራቶቹ በሚሄደው የትእዛዝ ኬብል) ላይ ሊሰካ የሚችለው የመሣሪያ ብዛትም በደንቡ 32 ነው። ሁሉንም በአንድ መውጫ ቀጥለው ከሆነ ጫፉ ላይ ነዎት። ባለ 4 መውጫ ኖድ ይዞ አንዱን ብቻ መጠቀም ደግሞ ያሳዝናል። ፓሮቹን በመውጫ 1፣ ሙቪንግ ሄዶቹን በመውጫ 2 ያድርጓቸው። ፓሩ ባለ 7 ቻናል ከሆነ አድራሻው (የሚጀምርበት ቻናል) 1፣ 8፣ 15 እያለ 162 ላይ ያልቃል። ሙቪንግ ሄዱ ባለ 16 ከሆነ 1፣ 17፣ 33 እያለ 113 ይደርሳል።

የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ መብራት መውጫ ላይ መዝጊያ (ተርሚኔተር) ይሰኩ። የሚገዛ ካጡ ወንዴውን የኤክስኤልአር (የዲኤምኤክስ ኬብል መሰኪያ) ጫፍ ይክፈቱና በፒን 2 እና በፒን 3 መካከል የ120 ኦም ሬዚስተር ይበይዱ፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ቀይ፣ ቡናማ ነው። ፒን 1ን አይንኩት። ያለ መዝጊያ ሲግናሉ ከኬብሉ ጫፍ ተመልሶ ራሱን ይረብሻል፤ መብራቱም ያለ ትእዛዝ ይርገበገባል።

ጥያቄ፦ ከአርት-ኔት ወደ ኤስኤሲኤን (ሌላው የመብራት ትእዛዝ በመረብ መላኪያ) ቀየርን፤ ማኔጅድ ስዊችም (ቅንብሩ የሚለወጥ ስዊች) ገዛን። ስንጀምር ይሠራል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሞታል። ስዊቹን አጥፍተን ስናበራው ይነሳና መልሶ ይሞታል።

መልስ፦ ከ4 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ነው አይደል የሚሞተው? ስዊቹ ላይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ በርቷል፤ ኩዌሪየር (ጠያቂው) ግን የለም። ስኑፒንግ ማለት ስዊቹ «ይህን ዩኒቨርስ ማን ይፈልጋል?» እያለ መዝግቦ ለፈላጊው ብቻ ማስተላለፉ ነው። መዝገቡ የሚታደሰው ኩዌሪየር በየጊዜው ሲጠይቅ ነው። የሚጠይቅ ከሌለ በተለመደው ቅንብር መዝገቡ በ260 ሴኮንድ ይሰረዛል፣ መብራቱም ይቀራል። ከስዊቹ ገጽ ላይ ኩዌሪየሩን ያብሩ። ያላችሁ ጥቂት ዩኒቨርስ ከሆነ ስኑፒንጉን ማጥፋትም ይበቃል።

እግረ መንገዳችሁን ቁጥሩንም እዩት። ኤስኤሲኤን ዩኒቨርስን ከ1 ይቆጥራል፣ አርት-ኔት ከ0። ከቀየራችሁ ወዲህ የፓሩ ትእዛዝ ወደ ሙቪንግ ሄዱ ከሄደ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ (ኮረንቲውን ማለቴ ነው) ጄኔሬተር ሲነሳ የመድረኩ መብራት ትእዛዝ የሚቀበለው ዘግይቶ ነው። ለምን?

መልስ፦ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ ስዊቹና ኖዱ ግን ከዜሮ እየተነሱ ነው። ስዊቹ ማኔጅድ ከሆነና ስፓኒንግ ትሪ (መልእክት በመረቡ ውስጥ ዙሪያ እንዳይሽከረከር የሚጠብቅ ቅንብር) ከበራበት፣ ተነስቶም እያንዳንዱን ቀዳዳ 30 ሴኮንድ ያህል ሊይዘው ይችላል። የላፕቶፑንና የኖዱን ቀዳዳ «ኤጅ ፖርት» (ሳይጠብቅ የሚከፈት ቀዳዳ) አድርጉት። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚበሉት ኃይል ጥቂት ስለሆነ አንዲት ትንሽ ዩፒኤስ ትበቃቸዋለች። መብራቶቹን ግን እዚያ ላይ እንዳትሰኩ።