መጀመሪያ መወጣጫውን ሥሩ

ልጆቼ፣ ባህር ዳርም ሆነ ማርቆስ አሮጌ ቮልስ ገዝቶ የሚያድስ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። ጋራዥ የኖርኩ ሰው ነኝና ጥያቄያችሁ ይደርሰኛል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ኮይሎቨር ነው። ሞላ የለበሰ፣ ከፍታው በዳዶ የሚስተካከል አሞርዛተር ስልካችሁ ላይ ታዩና ቶርኖ ቤት ትሮጣላችሁ። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት መኪናውን ነድታችሁ የምታወጡበት መወጣጫ ሥሩ።

በየሰፈሩ መኪና በክሪክ ይነሳና ብሎኬት ይደገፍበታል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲፈርስ ሳያስጠነቅቅ ነው። ሥሩ የተኛ ልጅ መውጫ ጊዜ የለውም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

መወጣጫ ከባድ ሥራ አይደለም። ከአንግል ብረት ሁለቱን ሥሩ፤ ከፍታቸው 25 ሳንቲ፣ ስፋታቸውም 25 ሳንቲ። ተዳፋቱ 1 ሜትር ይበቃል። መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ግን 1 ሜትር ተኩል አድርጉት፣ አለዚያ ጎማው ሳይወጣ ፓራውልቱ ይገጫል። እግሮቹን በሰያፍ ብረት እሰሩ፤ ጫፉ ላይ ጎማ የሚያስቆም ብረት በይዱ። ቮልስ ባዶውን 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ መወጣጫ ብቻውን 1,000 ኪሎ እንዲችል አድርጋችሁ ሥሩት። መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አስገቡባቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። በክሪክ የተነሳ ጎማ ይንጠለጠላል። መወጣጫ ላይ ግን መኪናው ልክ መንገድ ላይ እንዳለ ክብደቱን ይዞ ይቆማል። ጎሚኒ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ላስቲክ፣ ያለበትን ቡሎን መጨረሻ የምታጠብቁት እዚያ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ኮይሎቨሩ። የተለመደውን ቮልስ ከፊትም ከኋላም የሚሸከመው ቶርሽን ባር ነው፤ ተጠማዞ የሚመለስ ብረት። አሞርዛተሩ ንዝረት ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ማሰሪያውም ለዚያው ልክ ነው የተሠራው። ቶርሽን ባሩን አውጥታችሁ ኮይሎቨር ብቻ ስታስገቡ ሸክሙ በሙሉ እዚያች ማሰሪያ ላይ ያርፋል። ማሰሪያዋም ትሰነጠቃለች፤ ስንጥቁ ሲጀምር ፀጉር አያህልም። ብየዳው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ይነሳል፤ ከዚያ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል። ጭቃውን ጠርጋችሁ በባትሪ ካላያችሁት ያልፋችኋል።

እኔን ብትሰሙኝ ቶርሽን ባሩ ይቀመጥ፣ ኮይሎቨሩ ይርዳው፣ ማሰሪያውም ይጠናከር። ዝቅ ማድረግ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ከኋላ በኩል ምንም መቁረጥ አያስፈልግም። የኋላው ቶርሽን ባር በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን፣ ውጩን አንድ ጥርስ ወደ ሌላው ብታዞሩ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ያንሳል። እንዲህ ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ የሚለውጥ ማስተካከያ እያለ ግራይንደር ማንሳት አይገባኝም። ስትፈቱት ግን ኃይል እንደያዘ ነውና ሰውነታችሁን ከአቅጣጫው አርቁ።

ሞላ በዓይን አይመረጥም። ጎማው 10 ሳንቲ ሲነሳ አሞርዛተሩ 7 ሳንቲ ብቻ ካጠረ፣ 0.7 በ0.7 ይባዛል፤ ከሞላው ጥንካሬ ጎማው ጋ የሚደርሰው ግማሹ ገደማ ነው። የሞላው ሽቦ ከ10 ሚሊ ወደ 11 ከወፈረ ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ጥንካሬው 46 በመቶ ይጨምራል። ሞላ በእሳት አትቁረጡ። አሞርዛተር አካል ላይም ፈጽሞ አትበይዱ፤ ውስጡ ዘይት አለ፣ አንዳንዱም የታመቀ ጋዝ አለው።

ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ አስፋልቱም የተጎረባበጠ ቦታ አለው። እዚያ ከመውረዳችሁ በፊት ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ንዱት፤ ከዚያ መልሳችሁ መወጣጫው ላይ አውጡት። ዳዶዎቹ አለመላላታቸውን እዩ። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ጎማው ፓራፋንጎ እንዳይነካ፣ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦም እንዳይወጠር አረጋግጡ።